ሁለት በር

ስታዲየም ጀርባ፣ ከጎሚስታው አጠገብ፣
ፀሐይ እየዞረች ላሜራ ስታነብ፣
ሁለት መኪኖች ነበሩኝ፣ ሁለቱም የሰው ናቸው፤
እኔ ምላሳቸው ነኝ፣ አፍ ስለሌላቸው።

ቀይዋ ዝቅ ያለች ናት፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣
ከወገቧ ጀምሮ ወደ ኋላ ያዳለጣት፤
ሆዷና አስፋልቱ አንድ ስንዝር አይራራቁም፣
ፍጥነት ማብረጃ ላይ ሳይላላሱ አይላቀቁም።

የነጯ ጣራ ሸራ ነው፣ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ፤
ከፍተው ሲነዷት ያምርባታል፣ በጥር፣ ሙሽራ ሲያልፍ።
የሷን ዋጋ ከባሕረ ሐሳብ ጋር በቃሌ ይዤዋለሁ፦
ከጥምቀት ማግስት ስጠየቅ አፌን ሞልቼ እጠራለሁ፤
ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ዋጋዋም አብሮ ይጾማል፣
ሐምሌ ላይማ ባለቤቷ «ባገኘኸው ሽጣት» ይላል።

ቆይ፣ ስለ ቦዲ ላስረዳ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤
ገና ከሩቅ ስትመጣ በበሯ ቁጥር እመዝናለሁ።
አራት በር ማለት እናት፣ አክስት፣ ሁለት ልጅ፣ አንድ በግ ለበዓል፤
አምስተኛ በር ካላት ደግሞ የሽንኩርት ጆንያ ይጨመራል።
ሁለት በር ማለት ግን አንድ ሰውና አንድ ሐሳብ ነው፤
ለሐሳብ በዚህ ከተማ ዋጋ የሚከፍል ማነው?

እዚያ ማዶ፣ ከግንቡ ሥር፣ ያቺን ዲኤክስ እዩአት፤
ከመጀመሪያ ልጄ ትበልጣለች፤ ዝገት በልቶ፣ ጠግቦ የተዋት፤
ባቲላሜራው ስንቴ ቀጥቅጦ፣ ስንቴ ስቱኮ መርጎባት!
ትናንት ተሸጠች፣ ከተገዛችበት ጨምራ፣ ተሻምተውባት።
መልክ ዕዳ ነው፤
የምታዋጣው ሶማሌ ተራ ዕቃ ያላት።

ማክሰኞ ዕለት አንዲት ሴት ከቸርችል በእግሯ ወርዳ መጣች፤
«ትርሲት እባላለሁ» አለች፤ የጥርስ ሐኪም ነች፤ አልሳቀች።
የቀይዋን ኮፋኖ አስከፍታ እንደ በሽተኛ አፍ ዘልቃ አየችው፣
ዘይቱን በጣቷ ነካች፣ አሸተተች፣ በሶፍት ጠረገችው።
«ይህ በር ተቀይሯል፤ ቀለሙ ከጎረቤቱ አይገጥምም።»
እኔ ዝም አልኩ፤ ደላላ ዝም ካለ ደግሞ አልዋሸም።

ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እውነት ምላሴን ቀደመኝ፤
«እመቤቴ» አልኳት፣ «ይችን ስትሸጫት ታዝኛለሽ፣ ስሚኝ፤
ሁለት በር ገዢ የለውም፤ ቤንዚን ሰልፍ ነው፤ ዕቃዋ ከዱባይ፤
በሦስት ዓመት ግማሽ ዋጋዋ ይሄዳል፤ ዲኤክስ ልፈልግልሽ ወይ?»

መዳፏን በጣራው ቁልቁለት እስከ ጅራቷ ሰደደች።
«ከኋላ ስንት ሰው ትይዛለች?» «ማንንም» አልኩ። ያኔ ሳቀች።
«ዐሥራ አንድ ዓመት በአራት በር ዘመድ አመላልሻለሁ» አለች።

ሐሙስ ውል ተፈራረሙ፤ ሁለት ከመቶዬን ተቀበልኩ፤
ሞተሯን ስታስነሳት ከጎሚስታው ደጅ በዓይኔ ተከተልኩ።
ሰፈሩ ዞሮ አየ፤ ሊስትሮው ብሩሹን አጋደመ፤
መስቀል አደባባይ መብራቱ ጋ ግን ሁሉም ነገር ቆመ።
ፊቷ የሜክሲኮ ሚኒባስ፣ ኋላዋ አንበሳ አውቶቡስ፣
ሁለት መቶ ፈረስ በሆዷ፣
በአንድ ቀይ መብራት ታስሮ፣ ሳይንቀሳቀስ።
እሷ መስኮቱን አወረደች፤
ክርኗን በሩ ላይ አሳርፋ፣ የሚቸኩል እንደሌለው ሰው ጠበቀች።

ስልኬ ጮኸ። የነጯ ባለቤት፦ «ጥር ሊገባ ነው፤ ዋጋ ጨምር።»
«እሺ» አልኩ። ቁልፉ እጄ ላይ ነው።
ሃያ ሁለት ዓመት ስሸጥ ለራሴ ተቀምጬ አላውቅምና ገባሁ፤
የጣራውን ቁልፍ ተጫንኩ፤ ሸራው ሲንቀጠቀጥ ሰማሁ፤
እኩሌታው ላይ ነከሰና ቆመ። በቀዳዳው ቀና ብዬ አየሁ፦
ግማሽ ሰማይ፣ የኅዳር።
ሒሳብ ልማዴ ነው፤ ስንት ያወጣ ይሆን፣ አልኩ፤
ለማን ደውዬ እንደምጠይቅ ግን አጣሁ።